ከዋግ የጭቃ በሬ እስከ «ክሌይፋይተር»

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው የዋግ ሸንተረር ከብት የሚያግድ ልጅ ሥራ አይፈታም። ከወንዝ ዳር የሚያጣብቅ ጭቃ ይቆፍራል፣ በመዳፉ ያሸዋል፣ ሻኛ ያለው ቀንዱ የቆመ በሬ ያወጣለታል። ጓደኛውም የራሱን ይሠራል። ከዚያ ሁለቱን በሬዎች ያዋጓቸዋል። ቀንዱ ቀድሞ የረገፈበት ተሸነፈ። ዙሪያውን የተኮለኮለው ይስቃል፤ ተሸናፊው በሬ ተድቦልቡሎ መልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ከዚያው ጭቃ ሌላ በሬ ይወጣል። ጨዋታው የዋግ ብቻ አይደለም። በላስታም በጋይንትም በሸዋም እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ታሪኩን የጻፈለት ግን የለም፤ ዝናብ ሲመጣ አብሮ ይሟሟል።

በ1986 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1993፣ ይህንኑ ጨዋታ የሚመስል ነገር በካርትሪጅ ታሽጎ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ስሙ «ክሌይፋይተር» ነው፤ «የጭቃ ተደባዳቢ» ቢባል ያስኬዳል። የሠራው ቪዥዋል ኮንሰፕትስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ፣ ያሳተመው ደግሞ ብራያን ፋርጎ ያቋቋመው ኢንተርፕሌይ ነበር። ማጫወቻው ሱፐር ኒንቴንዶ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ለሴጋ ጄነሲስም ወጥቷል። ጌሙ ከታላላቆቹ ተርታ የሚሰለፍ አይደለም። ዛሬ ስሙን የሚያነሱት የድሮ ጌም ናፋቂዎች ናቸው። ሆኖም ለምን እንደተሠራ፣ በምን እንደተሠራና ቀልዱ ውሎ አድሮ ማን ላይ እንዳረፈ ሲታይ፣ ጭቃ የነካን እጅ «ጠይብ» እያለ ሲሸሽ ለኖረ አገር የሚናገረው ነገር አለው።

መጀመሪያ ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። የጃፓኑ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2»ን አውጥቶ የሳንቲም ማሽኖችን በወረፋ አጥለቅልቋቸው ነበር። በዓመቱ የቺካጎው ሚድዌይ «ሞርታል ኮምባት»ን ይዞ መጣ። ይህኛው የተሳሉ ገጸ ባሕርያትን ትቶ የእውነተኛ ሰዎችን ፎቶ ተጠቀመ፤ ደም ረጨ፤ አሸናፊው የተሸናፊውን ልብ ከነደሙ መንቀል ቻለ። በ1986 ዓ.ም. መስከረም 3 ቀን፣ እዚህ ሰው ገና የእንቁጣጣሽ ድግሱን ሳይጨርስ ማለት ነው፣ ጌሙ በቤት ማጫወቻዎች ላይ ተለቀቀ። ኒንቴንዶ ደሙን በግራጫ ላብ አስተካው። ሴጋ ግን ሚስጥራዊ የቁልፍ ቅደም ተከተል ለሚያውቅ ልጅ ደሙን መለሰለት፤ ልጅ ደግሞ ሚስጥር አያድርም፣ በሳምንቱ የማያውቀው አልነበረም። ኅዳር 30 ቀን 1986 ዓ.ም. ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል በአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ጌምና ስለ ጭካኔ ሸንጎ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ዓመት ጌሞችን በዕድሜ የሚመድበው ተቋም የተመሠረተው በዚህ ግፊት ነው።

«ክሌይፋይተር» የገባው በዚህ መሀል ነው። ነጋዴው ልጁ መደባደብ እንደሚፈልግ፣ እናት ደግሞ ደም ማየት እንደማትፈልግ ገብቶታል። ጭቃ ቢደበደብ ማን ይቀየማል? ስለዚህ ታሪኩ ከሰማይ የወደቀ የጭቃ ድንጋይ በአንድ የሰርከስ ድንኳን ላይ ያርፍና የሰርከሱን ሰዎች ሁሉ ወደ ጭቃ ይለውጣል የሚል ሆነ። ባድ ሚስተር ፍሮስቲ ክፉ የበረዶ ሰው ነው። ቦንከር ቂመኛ ቀልደኛ ነው። ሄልጋ ቀንዳም የራስ ቁር የደፋች ወፍራም የኦፔራ ዘፋኝ ናት፤ ስትዘፍን ጠላት ይወድቃል። ብሉ ስዊድ ጉ ኤልቪስ ፕሪስሊን አስመስሎ በጸጉሩ ይማታል። ታይኒ፣ ስሙ «ሚጢጢ» ማለት ሲሆን፣ ከሁሉም የገዘፈው ታጋይ እሱ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ብሎብ ነው፤ ቅርጽ የሌለው እንጎቻ መሳይ ጭቃ፣ ሲፈልግ መዶሻ ሲፈልግ መጋዝ የሚሆን። የጭቃን ጠባይ በትክክል የተረዳ ሰው የሠራው ገጸ ባሕርይ እሱ ብቻ ይመስላል። የዋጉ እረኛም ቢያየው አያደናግረውም፤ በሬው ሲሸነፍ የሚሆነው ይኸው ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። መጀመሪያ አሻንጉሊቱ በእጅ ይቀረጻል። ክንዱ ጥቂት ከፍ ይደረግና ፎቶ ይነሳል፤ ደግሞ ጥቂት ከፍ፣ ደግሞ ፎቶ። ፎቶዎቹ በተርታ ሲሮጡ ጭቃው ሕይወት ይዘራል። ስቶፕ ሞሽን የሚባለው ይህ ነው። በሲኒማ ለአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያስፈልጋል። የዚያን ጊዜው ካርትሪጅ ግን ማህደሩ ጠባብ ስለነበር ፎቶዎቹ ወደ ኮምፒውተር ገብተው ይቀነሳሉ፣ ቀለማቸው ይመናመናል፣ አንድ ቡጢ በጥቂት ምስል ብቻ ይገለጻል። ጌሙ ሲጫወቱት የሚንቀረፈፈውና ቡጢው ዘግይቶ የሚያርፍ የሚመስለው ስለዚህ ነው የሚሉ አሉ፤ ዲዛይኑም ቢሆን ከካፕኮም ጋር የሚወዳደር አልነበረም። መልኩ ግን በዘመኑ ከነበሩት ተለይቶ ይታይ ነበር። የሰው ጣት የነካው ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ ስለ ጭቃው ራሱ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ፈረንጆቹ የሚጠቀሙበት ከመሬት የተቆፈረ ጭቃ አይደለም። ዊልያም ሃርበት የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ጥበብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1897 የፈለሰፈው ፕላስቲሲን የሚባል፣ ዘይት ስላለው የማይደርቅ ልስልስ ነገር ነው። መምህሩ የፈለገው ተማሪዎቹ ሲቀርጹ የማይደርቅባቸው ጭቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የ1950ዎቹ «ገምቢ»ም ሆነ «ክሌይሜሽን» የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው የኦሪገኑ ዊል ቪንተን፣ በዚህች ባሕርይ ላይ የቆመ ነው። ቪንተን ከባልደረባው ቦብ ጋርድነር ጋር በሠራው «ክሎዝድ መንዴይስ» የተባለ አጭር የጭቃ ፊልም ኦስካር ወስዷል። ጭቃ ካልደረቀ ነገ ይንቀሳቀሳል፤ ከደረቀ ሐውልት ሆኖ ይቀራል። የኛዋ ሸክላ ሠሪ ፍላጎቷ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የተወቀጠ ገል ትቀላቅላለች፣ ታደርቃለች፣ በኩበትና በእንጨት እሳት ታቃጥላለች። የእሷ ጭቃ ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራ፣ ድስት ሆኖ ዕድሜ ልኩን አንድ ቅርጽ ይዞ እንዲኖር ነው የሚፈለገው።

ያን ኅዳር አገሪቱ የት ነበረች? ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። ዋግ የኢሕዴን መንቀሳቀሻ ሆኖ የቆየ፣ ከዚያም በፊት በ1977ቱ ረሃብ የተጎዳ፣ ቁስሉ ያልሻረ አገር ነው። የብሔረሰብ ዞንነቱ ገና በመዋቀር ላይ ነበር፤ ኽምጣናን የትምህርት ቋንቋ የማድረጉ ነገርም እንዲሁ። ቴሌቪዥን ያለው ከተሜ ልጅ የሚያየው አንድ ጣቢያ ነበር፤ በእሱም ላይ «አባባ ተስፋዬ» በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ተረት ያወራሉ። ሱፐር ኒንቴንዶ ለጥቂት የባለጸጋና የዲያስፖራ ቤተሰቦች ካልሆነ የማይታሰብ ነገር ነው። ስለዚህ የ1986ቱ የዋግ ልጅ «ክሌይፋይተር»ን አለማየቱ አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ሌላ ነው፤ በእጁ የያዘው ጭቃ አንድ ቀን ወደ ሙያ ሊያደርሰው ይችላል ብሎ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ።

ምክንያቱ ድህነት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በደጋው ኢትዮጵያ ጭቃ መንካት ለልጅ ጨዋታ፣ ለአዋቂ ግን ውርደት ሆኖ ኖሯል። ሸክላ የምትሠራዋ ሴትና ብረት የሚቀጠቅጠው ባሏ «ባለእጅ»፣ «ጠይብ»፣ ሲብስም «ቡዳ» ይባላሉ። ልብ በሉ፤ በግእዝ «ጠቢብ» ብልህ ማለትም ባለሙያ ማለትም ነው። ቋንቋው ያከበረውን ሰው ጎረቤቱ በሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ፈራው። በሠራችው ምጣድ እንጀራ እየጋገረ፣ በሠራችው ጀበና ቡና እያፈላ ልጁን ለልጇ አይድርም፣ አብሯት አይቀመጥም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብ የሚከለክልና ተሳዳቢውን በእስራት የሚያስቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ከአዋጁ ዕድሜ በላይ መኖሩን ለማወቅ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዛሬም ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር የሚጠየቀውን መስማት ይበቃል።

ከዋግ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ጎንደር አጠገብ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩባት ነበር። ቤተ እስራኤሎች ጥንት ይናገሩት የነበረው ቋንቋ ልክ እንደ ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ዝምድናው የሸክላ ብቻ አይደለም። የወለቃ ሴቶች ከማሰሮና ከእንስራ በተጨማሪ ትንንሽ የጭቃ ምስሎችን ይቀርጹ ነበር። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የውጭ ጎብኚ እየበዛ ሲሄድ ገበያው አደገ። አንበሳ፣ ውኃ የተሸከመች ሴት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ ይሠራሉ። ከሁሉ የሚሸጠው ግን ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ በአንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ልብስ ለብሰው፣ ሁለት ጭንቅላት ብቻ ብቅ ብሎ የሚታይበት ምስል ነው። የነገሥታት ዘር የሚቆጠርበትን ክቡር ታሪክ፣ ጎረቤቶቿ «ቡዳ» የሚሏት ሴት በጣቷ አንከባልላ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብታ ትሸጠዋለች። የዚህ አገር የጭቃ ቀልድ ታሪክ ቢጻፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ መሆን ያለበት ይህ ነው። ከካሊፎርኒያው የበረዶ ሰው በብዙ ይበልጣል፤ እሱ የሚቀልደው በሌላ ጌም ላይ ነው፣ የእሷ ቀልድ በዙፋን ላይ ነው።

ሠሪዎቹ ግን ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ገደማ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አንዳንዶቹ ሴቶች እዚያም ጭቃ አላቆሙም፤ ምስሎቻቸው ዛሬ የኢትዮጵያ አይሁድ ጥበብ ተብለው ይታያሉ። ወለቃ ላይ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ደግሞ ያንኑ አንበሳና ያንኑ አልጋ እየቀረጹ በመንገድ ዳር ለቱሪስት መሸጥ ያዙ። በአጭሩ፣ ሲሰደቡበት የኖሩት ሙያ ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላ የመንደሩ መተዳደሪያ ሆነ።

ወደ ጌሙ እንመለስ። «ክሌይፋይተር» ተከታታዮች ነበሩት፤ «ጀጅመንት ክሌይ» የተባለው ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1995፣ «ክሌይፋይተር 63⅓» ደግሞ በ1997 ለኒንቴንዶ 64 ወጡ። የመጨረሻው ስም ራሱ ቀልድ ነው፤ የዚያ ማጫወቻ ጌሞች ስማቸው ላይ 64 ቁጥርን ይለጥፉ ስለነበር ሁለት ሦስተኛ ቀንሰው አፌዙ። የ«ሞርታል ኮምባት»ን የግድያ ትርዒት «ክሌይታሊቲ» ብለው ተሳለቁበት። እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ችግሩ አዲሶቹ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ኩንግ ፓው የተባለው የቻይናውያንን አነጋገርና መልክ የሚያላግጥ ምግብ አብሳይ ነው። ሁንጋን የተባለው ደግሞ የቩዱ ጠንቋይ ነው። «ሁንጋን» በሄይቲ የእምነት አባት መጠሪያ ነው፤ ሥሩም ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች ይመዘዛል። በ1993 ደም ያስፈራቸው ወላጆችን ለማስደሰት የተጀመረ ጨዋታ በአራት ዓመቱ የሰው ዘርና እምነት መሳለቂያ አደረገ። ሸንጎውም የዕድሜ ምደባውም ትኩረታቸው ደም ላይ ስለነበር ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ይህ ነገር እዚህም ይታወቃል። «ቡዳ» የተባለችው ሸክላ ሠሪና ጠንቋይ ተደርጎ የተሣለው ሁንጋን አንድ ዓይነት ፍርሃት የወለዳቸው ናቸው፤ የማናውቀውን የእጅ ጥበብና የማናውቀውን እምነት ምትሃት ብሎ መሰየም። የኛ ኮሜዲም ከዚህ ነፃ አይደለም። የገጠሩን ሰው አነጋገር፣ የአንዱን ብሔረሰብ የአማርኛ ቅላጼ እያስመሰለ የሚያስቅ ስንት የመድረክና የቲክቶክ ቀልድ አለ! የኽምጣና ተናጋሪው ልጅ አማርኛ ሲናገር የሚደርስበትን ሳቅ ከተማ ገብቶ የተማረ የዋግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በኢትዮጵያዊ እጅ የተሠራ አስቂኝ ስቶፕ ሞሽን ቢፈለግ ግን ምሳሌ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሂሳብ» የተባለ አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። ታሪኩን የማያውቅ የለም። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያ ከፍላ ትወርዳለች፤ ውሻ መልሱን ሳይቀበል ይቀራል፤ ፍየል ሳትከፍል ትሮጣለች። ስለዚህ እስከ ዛሬ መኪና ሲመጣ አህያ ንቅንቅ አትልም፣ ውሻ እየጮኸ ያሳድዳል፣ ፍየል ትበረግጋለች። ሠዓሊው ይህን የከተማ ተረት በአንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶ እያነሳ፣ በዚያው ላይ እየደራረበ ሌላ እየሣለ አንቀሳቀሰው። ሥዕሉ በሚቀጥለው ሥዕል ይጠፋል፤ የሚቀረው ፎቶው ነው። ከጭቃው በሬ ጋር የአሠራር ወንድማማች ነው ማለት ይቻላል፤ በአንዱ ቁሳቁስ ላይ ደጋግሞ ማጥፋትና መሥራት። ቀልዱም ማንንም ዝቅ አያደርግም። የሚያሳዝነው፣ በውጭ የጥበብ ማሳያዎች የታየው ይህ ሥራ ለታክሲ ተሰላፊው ለራሱ እምብዛም አለመድረሱ ነው።

አገር ውስጥም ጅምር አልጠፋም። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በቀጭኔ አሻንጉሊት የአማርኛ ልጆችን ሲያስተምር ቆይቷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማት አግኝቷል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ደግሞ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮን የሚያስሮጠውን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጌም ሠርቷል። ዶሮ ወጥ የሚወድ አገር ለዶሮዋ ሲያጨበጭብ ማየት በራሱ ያስቃል። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ሠሪ ሲገኝ ተመልካች አይጠፋም። ግን የፀሐይም የኩኩሉም ዓለም አዲስ አበባ ላይ ያመዘነ ነው። በዋግ ኽምራ መልክዓ ምድር፣ በኽምጣና ድምፅ የተሠራ ጨዋታ የሚፈልግ ልጅ አሁንም የሚያገኘው የወንዝ ዳሩን ጭቃ ነው።

ስለ ዋግ ልጅ ብዙ ተብሏል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው የ1977ቱን ረሃብ በማሰብ ነው። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ሰቆጣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ተይዛ በ2014 ዓ.ም. ተለቀቀች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማዋ ዙሪያ ተጠለሉ። ከሰቆጣ ስም ጋር ዜና ሲነገር ሁልጊዜ የሚነገረው የልጁ ቁመት፣ ክብደትና ራሽን ነው። ይህ መቅደም ያለበት ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ቢሆንም እውነተኛ ታንክ ያየ ልጅ በጭቃ ምን እንደሚሠራ፣ አሁንም በሬ ይሁን ሌላ ነገር፣ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስልም።

ዋጋው ደግሞ እንደሚፈራው አይደለም። «ክሌይፋይተር» በተሠራበት ዘመን ፎቶን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የኩባንያ ሥራ ነበር። ዛሬ ተራ ስማርት ስልክ ይሠራዋል። እንቅስቃሴው ትንሽ ቢቆራረጥም ለሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል፤ የአንድ ደቂቃ የበሬ ውጊያ 720 ፎቶ ነው። አንድ የእጅ ሥራ መምህር፣ የስልክ ማቆሚያ የሚሆን የድንጋይ ክምር፣ ኽምጣና የሚናገሩ ሁለት ሦስት ቀልደኛ ልጆች። የሚቀረው ችግር የሰቆጣ ፀሐይ ነው። የዋግ ጭቃ ፕላስቲሲን አይደለም፤ ከ720ው ፎቶ መቶው ሳይነሳ ይደርቅና በሬው ይሰነጠቃል። እርጥብ ጭቃ በፀሐይ መሀል ሳይደርቅ እንዴት እንደሚውል፣ መቼ ውኃ እንደሚነካ፣ በምን ጨርቅ እንደሚሸፈን የሚያውቁት ደግሞ በገበያ ጥግ ይዘው፣ ጀበና ደርድረው የሚቀመጡት ሴቶች ናቸው።